ሃያ ደቂቃ ለተናጋሪው

በአሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአገሬው ሰው ጋር ያቀራረበኝ የሥራ ቦታዬ ሳይሆን፣ በየማክሰኞው በምሳ ሰዓት የሚሰበሰብ፣ ሮታሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ማኅበር ክለብ ነው። በሥራ ቦታዬ ለብዙዎቹ «ኢትዮጵያዊው» ብቻ ነበርኩ፤ በክለቡ ግን ከጥርስ ሐኪሙ፣ ከባንክ ሠራተኛዋና ከቀብር አስፈጻሚው ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ፣ ስለ ከተማዋ የውኃ ታሪፍ ሐሳቤን የምጠየቅ ሰው ሆንኩ። ኦሃዮ ውስጥ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ለሚኖር ስደተኛ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሥርዓቱም ያን ያህል ባዕድ አልሆነብኝም። ጠበቃው ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ሮታሪን ሲመሠርት ስብሰባው በየተራ በአባላቱ ቢሮ ይካሄድ ነበር፤ የእናቴ የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ በየቤቱ በተራ ይዞራል። በእኛ ክለብ ስልኩ የጮኸበት አባል በሳቅ መካከል አንድ ዶላር ይቀጣ ነበር። አባል ሲቀር በሌላ ክለብ ስብሰባ ተገኝቶ የማካካስ ልማድም ነበር፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ደንቡ ላላ ብሎ ክለቦች በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቢሰበሰቡ ይበቃል።

የስብሰባው እምብርት እንግዳ ተናጋሪው ነበር። ከአንድ ሰዓቱ ውስጥ ሃያ ደቂቃው የእርሱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄ ይቀርብና ደወል ተደውሎ ሁሉም ወደ ሥራው ይበተናል። ተናጋሪው የሚመረጠው በማዕረጉ ሳይሆን በሚያውቀው ነገር ነው፤ አንድ ሳምንት የፍሳሽ ማጣሪያው ኃላፊ፣ በሌላው ንብ አርቢ፣ በሌላው ደግሞ የትምህርት ቤት ነርስ ይመጣል። ለፓርቲ መቀስቀስና ሸቀጥ ማሻሻጥ አይፈቀድም። ሮታሪ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፖሊዮን ለማጥፋት ዘመቻ ይዞ ስለነበር፣ ለተናጋሪው በስጦታ ፋንታ በስሙ ለክትባቱ መዋጮ ይደረግለት ነበር።

ወደ ሐዋሳ ከተመለስኩ በኋላ መምህራን፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ አንድ የሆቴል ባለቤትና ሌሎች ወዳጆች ተሰባስበን፣ ከየትኛውም ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ያልተያያዘ ነገር ግን ይህንኑ ሥርዓት የሚከተል ክለብ አቋቋምን፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጋበዝናቸው ሁሉ ባለማዕረግ ነበሩ። የተናጋሪውን የሕይወት ታሪክ ማንበቡ፣ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግሩና ምስጋናው ሰዓቱን ይጨርሰውና ለጥያቄ የሚተርፍ ጊዜ አይኖርም። ፋርማሲስቷ አንድ ማታ «ይኼንንማ በሬዲዮ ሰምተነዋል» ስትል ማንም አልተቃወማትም። ለሹም የሚሰጠውን ክብር የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አስተዋዋቂው ከተናጋሪው በላይ የሚናገርበት ስብሰባ ለማንም አይጠቅምም። ከአሜሪካ ልምድ መወሰድ የነበረበት ደወሉ ሳይሆን የተናጋሪው አመራረጥ ነበር።

ፋርማሲስቷ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ይጋበዙ ብላ ሐሳብ ያቀረበችው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ወረቀት አልያዙም፤ ከከረጢታቸው ሁለት መረብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። በአንደኛው ዓይን አራት ጣታቸውን አንድ ላይ አሳለፉ፤ በሁለተኛው ግን አንድ ጣታቸው እንኳ በግድ ነበር የገባው። ይህኛው ገና ያልወለደውን ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ጠርጎ እንደሚያወጣና ትንሹ ዓሣ የሚሰገረው ገዢ ስላለው እንደሆነ አስረዱ። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ መሆኑን፣ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝም እንደሌለው፣ ስለዚህ ከከተማው ታጥቦ የሚገባው ቆሻሻ ብዙው እዚያው እንደሚቀር ሲናገሩ፣ ይህንን በመጽሐፍ የሚያስተምረው የጂኦግራፊ መምህራችን ማስታወሻ ይይዝ ጀመር።

ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ሰብሳቢው እንደ ደንቡ ደወለ። ጋሼ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ ገና ጀልባዬ ላይ አልወጣሁም» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሰብሳቢውም የዕለቱን የቃለ ጉባኤ ንባብ ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላልፎ ጊዜውን ለእርሳቸው ሰጠ። በእኔ እምነት ክለቡ ከተቋቋመ ጀምሮ የተወሰነ ምርጥ ውሳኔ ይህ ነው።

በጥያቄው ሰዓት የሆቴሉ ባለቤት ምን ያህል መጠን ያለውን ቆሮሶ መግዛት እንዳለበት ጠየቀ። ጋሼ በመዳፋቸው ርዝመት አሳዩት፤ እርሱም ከዚያ ያነሰውን ከወጥ ቤቱ እንደሚመልስ በሁሉም ፊት ቃል ገባ። ሌላው አባል በበኩሉ ውጭ አገር የኖርን ሰዎች ስለ አሜሪካ ንግግር እንድናደርግ በድጋሚ ጠየቀኝ፤ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያው ከሆነ ደስ ይለኛል አልኩት።

በስጦታ ጉዳይ አሁንም አልተስማማንም። ግማሾቹ የምስጋና ወረቀት በፍሬም ይሰጥ ይላሉ፤ እኔና ፋርማሲስቷ ግን አንድ ኪሎ የሲዳማ ቡና ይበቃል እንላለን። በሚቀጥለው ወር ተናጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ አዋላጅ ነርስና አንድ የቢሮ ኃላፊ ይገኛሉ። ለኃላፊው በተላከው የግብዣ ደብዳቤ ላይ «20 ደቂቃ» የሚለው በቁጥርም በፊደልም ተጽፏል።