ተናካሿን ትንኝ የለየሁበት መንገድ

ርዝመቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስትነክስ እንጂ ስትመጣ አትታይም። ስለዚህ ማሳደዱን ትቼ ስኮችና ነጭ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ክንዴ ላይ ስታርፍ መጀመሪያ አቀማመጧን አያለሁ። ከዚያ በስኮቹ ጫፍ አንስቼ ወረቀቱ ላይ እለጥፋትና ማጉያ መነጽር አወጣለሁ።

ዋናው ነገር ክንፏ ነው። ተናካሿ ትንኝ የምትመደብበት፣ ኩሊኮይደስ የሚባለው ወገን ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ ተዘጋ መቀስ ደራርቦ ጀርባው ላይ ያስተኛል። በብዙዎቹ ክንፍ ላይ ነጣ ያሉና ግራጫ ነጠብጣቦች አሉ፤ አቀማመጣቸው ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ባለሙያዎችም በእሱ ይለያሉ። ሌላዋ ደቃቅ ተናካሽ፣ የአሸዋ ዝንብ፣ ግን ጸጉራም ናት፤ ክንፏንም ወደ ላይ አቁማ ነው የምታርፈው። ትንኝ የሚመስሉ፣ አመሻሽ ላይ በመንጋ የሚያንዣብቡ ረጃጅሞችም አሉ። እነሱ ጭራሽ አይናከሱም፤ በከንቱ ነው የምንጨፈጭፋቸው።

የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ደሙን ለእንቁላሏ ትፈልገዋለች። ቆዳን ቆርጣ የተጠራቀመውን ደም ትመጥጣለች። ምራቋ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ማሳከክ።

ቀጥሎ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ፦ ሰዓት፣ ንፋስ፣ የአፈሩ እርጥበት። ልማዷ ቶሎ ታየኝ። ንክሻው የሚበረታው ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ ንፋስ ጸጥ ሲል ነው። በራሪነቷ ደካማ ስለሆነ ትንሽ ንፋስ ሲነሳ ድራሿ ይጠፋል። ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ገና ጭቃ እያለ፣ ቁጥሯ ይጨምራል። ብርድ በሚጠናበት ወቅት ደግሞ የሚበሩት ያልቃሉ፤ እጮቹ ግን ጭቃ ውስጥ ተደብቀው ሙቀት ይጠብቃሉ።

ለቢንቢ እንደሚደረገው ባልዲና ጣሳ መድፋቱ እዚህ ብዙም አይረዳም። የብዙዎቹ ዝርያዎች እጭ የሚያድገው በኩሬ ዳር ጭቃ፣ በበሰበሰ ቅጠልና በእርጥብ ፍግ ውስጥ ነው። የተለመደው አጎበርም አያስቆማትም፤ በቀዳዳው ሾልካ ትገባለች። ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያስፈልጋል።

እኔን የገላገለኝ መቀመጫዬን ከእርጥቡ ጥግ ማራቄና ቬንትሌተር ማብራቴ ነው። ቬንትሌተሩን ወደ እግር ማዞር አይርሳችሁ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲረባረቡ ለጉድ ነው። ከብት ወይም ፈረስ ያለው ሰው ደግሞ ለማሳከኩ ብቻ አይደለም መጨነቅ ያለበት። ብሉታንግ የተባለውን የበግና የከብት በሽታና የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈውም ይህችው ናት፤ አመሻሽ ላይ እንስሳቱን ወደ በረት አስገብቶ መስኮቱን በጥቅጥቅ መረብ መሸፈን ነው።