አምስት ሴቶች፣ ሁለት ካቢን፦ ከማያሚ እስከ ኮዝሜል

ከማያሚ ተነስተን በጃማይካና በግራንድ ካይማን አድርገን የሜክሲኮ ደሴት እስከሆነችው ኮዝሜል በሽርሽር መርከብ ሰባት ሌሊት ተጓዝን፤ ቀኑን የመረጠልን የጾም አቆጣጠር ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በመሐል ባሉት ሳምንታት እማዬና አክስታችን እቴቴ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር አይጾሙም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ማለት ነው፤ የልጆች ትምህርትም ዝግ ነው። ጊዜው ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ በሚዘልቀው የአውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ይውላል፤ የሚበረታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኦገስት አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ ብዙ አላሳሰበንም። እማዬ፣ እቴቴ፣ ታናሽ እህቴ፣ የእህቴ ልጅና እኔ ከሜሪላንድ ተነስተን አንድ ቀን ቀድመን ማያሚ ገባን። መርከቡ በሚነሳበት ቀን መብረር አይገባም። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ መርከቡ ለማንም አይቆምም።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ወረቀት ነው። ከማያሚ ተነስቶ ማያሚ በሚመለስ መርከብ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ምስክር ወረቀትና በመንጃ ፈቃድ መሳፈር ይችላል፤ ሆኖም አንድ ሰው ታሞ ወይም መርከብ አምልጦት ከደሴት በአውሮፕላን ልመለስ ቢል ያለ ፓስፖርት ይቸገራል። ግሪን ካርድ ያላት እናት ካርዱንም ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርቷንም ትያዝ። መርከቡ የሚቆምበት እያንዳንዱ አገር ቪዛ ይጠይቃት እንደሆነ ለመርከብ ኩባንያው በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን አትሞ መያዝ ነው። ለጉብኝት ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ግን ቪዛዋ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ይህን ጉዞ አታስቡት። ጃማይካ ደርሳ ስትመለስ ከአሜሪካ ወጥታ እንደገና እንደምትገባ ነው የሚቆጠረው፤ ያ ቪዛ ደግሞ መጀመሪያ ስትገባ አልቋል።

አንድ ካቢን አራት ሰው ይይዛል ሲባል ሁለቱ አልጋዎች ከጣሪያ የሚወርዱ ናቸው፣ መውጫቸውም መሰላል ነው። መታጠቢያ ቤቱ አንድ ሰው ዞር ሲል ክርኑ ግድግዳ የሚነካበት ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው በርካሽ ስለሚገባ በአንድ ክፍል መታጨቁ ያጓጓል። እኔ ግን ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ፣ በመሐል በር ያላቸው ካቢኖች እመርጣለሁ። እናቶቹ ሌሊት ለጸሎት ይነሳሉ፣ ልጅቷ እኩለ ሌሊት ላይ ትገባለች፤ አንድ በር ሁለቱንም ያስታርቃል። በረንዳ ያለው ክፍል አንድ ይበቃል፤ ጠዋት ሁሉም እዚያው ይሰበሰባል። የክፍሉ ቦታ ከበረንዳውም ይበልጣል፦ በመርከቡ ርዝመት መካከል፣ ፎቁም ዝቅ ያለ ይሁን። መርከብ ልጆች እንደሚጫወቱበት የሚዛን እንጨት ነው፤ ጫፍና ጫፉ ሲነሳና ሲወርድ መሐሉ ብዙም አይንቀሳቀስም።

ሻንጣ ላይ የእኛ ሰው የሚቸገርበትን በደንብ ልናገር። ከሰል፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውሃ ማፍያና የልብስ ካውያ መርከብ ላይ አይገቡም፤ በእሳት አደጋ ምክንያት ነው፣ ክርክርም አያዋጣም። በመፈተሻው ማሽን ይታዩና ተወስደው የጉዞው መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ። ስለዚህ ጀበናና ዕጣን ቤት ይቅሩ። እቤት የተሠራ ወጥና እንጀራም አይፈቀድም፤ በፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ምግብ ግን ያልፋል። እኛ የያዝነው በታሸገ ፕላስቲክ የተሸጠ ቆሎ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ነበር፤ ሚጥሚጣው ሳምንቱን ሙሉ እራት ጠረጴዛ ላይ አልጠፋም። ከመርከቡ ቡፌ ፍራፍሬ ወይም ሥጋ ይዞ ወደብ ላይ መውረድ ክልክል ነው፤ አገሮቹ ለሰብላቸው ስለሚፈሩ ያስጥላሉ። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ተቀባዮች ዘንድ ይቀሩና ካቢን የሚደርሱት ወደ ማታ ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ነጠላና የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ኢንሱሊን ያላት እናት ካለች የካቢኑ ፍሪጅ በቂ ቅዝቃዜ ላይሰጥ ስለሚችል ቀደም ብሎ የሕክምና ፍሪጅ ማስያዝ ያስፈልጋል። ጸጉር ደግሞ ከመነሳት በፊት መሠራት አለበት፤ ከጨው ውሃና ከነፋስ ጋር በየቀኑ ከመታገል ሹሩባ ያሳርፋል።

መጥፎው ሌሊት ሁለተኛው ነበር። ወደ ጃማይካ የሚወስደው መንገድ በኩባና በሄይቲ መካከል በዊንድዋርድ ፓሴጅ ያልፋል። ስፋቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአትላንቲክ የሚመጣው ነፋስና ማዕበል እዚያ ይጠባል። ከእራት በኋላ ወለሉ መተንፈስ ጀመረ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ማንጠልጠያዎቹ ሲንኳኩ አደሩ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ነጋ። የሚረዳው ነገር የታወቀ ነው፦ ሜክሊዚን የተባለው ክኒን መናወጡ ከመጀመሩ በፊት ይዋጣል፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሆድ አይቀበለውም። አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት፣ ዝንጅብል፣ ከዚያ አድማሱን ማየት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውን የስኮፖላሚን ፕላስተር ግን ለሽማግሌ ሰው ያለ ሐኪም አትስጡ፤ ዓይን ያደበዝዛል፣ በዕድሜ የገፉትን ግራ ያጋባል፣ ግላኮማ ላለበት ሰውም አይሆንም።

የጾም ምግብ ጉዳይ ከጠበቅነው በላይ ተሳካ። ዘዴው፣ ትኬት ሲቆረጥ «ቪጋን» ብሎ ማስመዝገብና የመጀመሪያው ምሽት ላይ የአስተናጋጆቹን አለቃ ማነጋገር ነው። የነገውን እራት ዛሬ ማታ ያሳዩሃል፣ ትመርጣለህ። «አትክልት» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሾርባው በዶሮ መረቅ፣ ሩዙ በቅቤ ተሠርቶ ይመጣል። ዓሣም እንደማንበላ ነገርናቸው። በብዙ መርከቦች ወጥ ቤት ሕንዶች ስላሉ ያለ ቅቤ የተሠራ የምስርና የሽምብራ ወጥ ጠይቁ፤ እቴቴ ዓርብ ዕለት ያንኑ ሁለት ጊዜ አስደገመች። እጅ መታጠብ ላይ ግን በሳሙናና በውሃ ብቻ ተማመኑ፤ መርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያዛምተውን ኖሮቫይረስ በሩ ላይ ያለው የአልኮል ጄል በደንብ አይገድለውም።

ጃማይካ ላይ የቆምነው ኦቾ ሪዮስ ነው። ከመርከቡ ከመውረዳችሁ በፊት ልብስ ተመልከቱ፦ የወታደር ዝንጉርጉር የሚመስል ሱሪም ሆነ ኮፍያ በአገሩ ሕግ ለሲቪል ክልክል ነው። ታክሲ ስትይዙ ቀይ ታርጋ ያለውን ያዙ፣ ፈቃድ ያለው እሱ ነው። ለአምስታችን ለግማሽ ቀን በ120 ዶላር ተስማማን። ደንስ ሪቨር ፏፏቴ ቅርብ ነው። ውሃው ርዝመቱ 180 ሜትር በሚሆን ቋጥኝ እየተደረደረ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል፤ ሰው ከታች ጀምሮ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይወጣዋል። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ የውሃ ጫማ ግድ ነው፤ በር ላይ ከመከራየት ከቤት መያዝ ይሻላል። ጉልበት ለሚያማቸው በጎኑ ደረጃ አለ፤ እናቶቹ በዚያ እየወረዱ እኛን ከመቆሚያው አዩን።

ሾፌሩ ጺሙ የነጣ፣ ጸጉሩን የጠቀለለ ራስታ ነበር። ከየት እንደሆንን ሲሰማ መኪናውን ጥግ አስያዘና ዞሮ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ» አላት እማዬን በአማርኛ። ኪንግስተን ካለችው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ፊደል ተምሯል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ልጅ ነበር፤ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ማየቱን ነገረን። ይህ ቀን በፈረንጁ አፕሪል 21፣ 1966፣ ዛሬም በራስታዎች ዘንድ በየዓመቱ ይከበራል። በስምምነታችን ውስጥ ያልነበረውን ሴንት አንስ ቤይን ጨመረልን፤ በፈረንጁ በ1887 የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቪ የተወለደባት ከተማ ናት፣ ሐውልቱም ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ቆሟል። ስንመለስ ለትርፉ ሰዓት ልክፈል ስለው አንድ ዶላር አልተቀበለም። እማዬ እጁን ይዛ መረቀችው። ቦብ ማርሊ የተቀበረበት ናይን ማይል በዚያው በሴንት አን አውራጃ ነው፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ መሄጃ ብቻ ስለሆነ ተውነው።

ግራንድ ካይማን ላይ ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት ወደብ የለም፤ መልሕቅ ጥለው ሰውን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳሉ። ተሽከርካሪ ወንበር የያዘች እናት ካለች ባሕሩ ሲነቃነቅ ላያወርዷት ይችላሉ። ምሳ ላይ ያናደደኝ ነገር ነበር። ዋጋው 20 ተብሎ ተጽፏል፣ ሒሳቡ ግን 25 መጣ። 20ው በካይማን ዶላር ነው፤ በየሱቁ አንዱ የካይማን ዶላር በ1.25 የአሜሪካ ዶላር ይታሰባል። በሕግ ትክክል ነው፤ ለባዕድ ሰው በር ላይ አለመንገሩ ግን አያምርም።

ስለ ሰዓት የምለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ጃማይካ፣ ካይማንና ኮዝሜል በፈረንጆቹ በጋ ሰዓታቸውን አይቀይሩም፣ ማያሚ ትቀይራለች። መርከባችን የማያሚን ሰዓት ይዞ ስለሄደ ከሦስቱም በአንድ ሰዓት ይቀድም ነበር። ስልክ ግን ወደብ ላይ የአገሩን ሰዓት ራሱ ይይዛል። መርከቡ ላይ የመጨረሻው መግቢያ 4፡30፣ በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ስልኩ ዘጠኝ ተኩል ሲል በሩ ይዘጋል። ለእናቶቹ የእጅ ሰዓት አሰርንላቸው፤ መርከብ ላይ ሞልተው ሳምንቱን ሙሉ አይነኩትም። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራስ የወጣ ሰው ከዘገየ እስከሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ ነው።

ኮዝሜል ላይ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ሳን ሄርቫሲዮን መረጥን። የአካባቢው የጥንት ነዋሪዎች ማያዎች ኢሽቼል የምትባለውን የወሊድና የመድኃኒት አምላካቸውን የሚያመልኩበት ፍርስራሽ ነው፤ ሴቶች ከዋናው ምድር በታንኳ ባሕሩን አቋርጠው፣ ልጅ እንዲሰጣቸው ሊለምኑ ይሳለሙት ነበር። እቴቴ አዋላጅ ነርስ ሆና ስለኖረች ከድንጋዮቹ መነሳት አልፈለገችም። ትንኝ መከላከያና ውሃ ያዙ፣ ጥላ ጥቂት ነው። ታክሲው ስንመለስ ዋጋው ለአራት ሰው ነበር ብሎ ለአምስተኛዋ 10 ዶላር፣ ለጠበቀበትም ሌላ ጠየቀ። ከመግባት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ዋጋው ለስንት ሰው ነው፣ ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ፣ መጠበቁ ይጨምራል ወይ።

ከትኬቱ ውጪ የሚመጣውን ቀድማችሁ ደምሩ። ቲፕ በሰው በቀን 18 ዶላር ቢሆን፣ ለአምስት ሰው ለሰባት ሌሊት 630 ዶላር ነው። የአልኮል ፓኬጅ በብዙ ኩባንያዎች አንዷ ከገዛች በካቢኑ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲገዙ ያስገድዳል፤ የማይጠጡ እናቶች ባሉበት ክፍል አይገዛ። ስልክ ባሕር ላይ በሳተላይት ስለሚያስከፍል ከማያሚ ወደብ ጀምሮ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። የመርከቡ ክሊኒክ ነጻ አይደለም፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬርም ከአሜሪካ ውጪ አብዛኛውን አይሸፍንም፤ በአየር ማንሳትን የሚጨምር የጉዞ ኢንሹራንስ ለእናቶቹ ግዙ።

የመጨረሻው ማታ ሻንጣው ከእኩለ ሌሊት በፊት ኮሪደር ላይ ይወጣል፣ ጠዋት ማያሚ አዳራሽ ውስጥ በቀለሙ ምልክት ተፈልጎ ይወሰዳል። የነገውን ልብስ፣ ጫማና መድኃኒት በእጅ ቦርሳ አስቀሩ። የመመለሻ በረራ ከእኩለ ቀን በፊት አትቁረጡ፤ በተለይ በተሽከርካሪ ወንበር የምትወርድ እናት ካለች ሰልፉ ረጅም ነው።