ፊልሙ የተካው ፋራሚር

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ጉዱ ካሳ በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚናገረው። ትረካ ግን ድምፁን ቢወስድም መልኩን ለአንባቢው ይተውለታል። ፊልም መልኩንም ይወስዳል።

ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የተባለው ምናባዊ ልብ ወለድ የድሮ አንባቢዎች የገጠማቸው ይህ ነው። የቶልኪን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ፤ የፒተር ጃክሰን ሦስት ፊልሞች ደግሞ ከ2001 እስከ 2003። ታሪኩ የክፉውን ገዥ የሳውሮንን ቀለበት ሊያጠፋ ስለሚጓዘው ሆቢት (ቁመቱ ያጠረ የሰው ዓይነት) ስለ ፍሮዶ ነው። በመጽሐፉ ፍሮዶ ቤቱን ሸጦ ሲወጣ 50 ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ወጣት የሚመስለው ቀለበቱ እርጅናውን ስለያዘለት ነው። ኢላይጃ ዉድ ቀረጻው ሲጀመር 18 ዓመቱ ነበር። ቀለበቱ ፍሮዶ እጅ ከገባ በኋላ የሚያልፉት 17 ዓመታትም በፊልሙ ጥቂት ወራት ይመስላሉ። አስቦበትና ንብረቱን ትቶ የሚሄደው ጎልማሳ፣ አደጋ ድንገት ከቤቱ ያስወጣው ልጅ ሆነ።

መልክዓ ምድሩ ላይ ግን አንባቢው ብዙም አልተጎዳም። አለን ሊ እና ጆን ሃው የተባሉት ሠዓሊዎች የቶልኪንን ዓለም ከፊልሙ በፊት ለዓመታት ሲስሉ የኖሩ ናቸው፤ ጃክሰንም ንድፉን ለእነሱ ሰጠ። የአለን ሊ ሥዕሎች ያሉበትን የ1991 እትም ያነበበ ሰው ሲኒማ ቤት የገባው የሚያውቀውን አገር ለማየት ነው።

ከሁሉ የሚያመው ጠባይ ሲለወጥ ነው፤ ለዚህም ከፋራሚር የበለጠ ማሳያ የለም። በመጽሐፉ የጦር አለቃው ፋራሚር፣ ፍሮዶ የተሸከመው ነገር ምን እንደሆነ ገና ሳያውቅ፣ መንገድ ዳር ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሳው ይናገራል። ከዚያ የፍሮዶ የጉዞ ጓደኛ ሳም አፉን አምልጦት የቀለበቱን ነገር ይዘረግፈዋል። ፋራሚር ብድግ ይላል፤ ዓይኑ ያበራል። ሁለቱ ሆቢቶች ከመቀመጫቸው ዘለው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው የሰይፋቸውን እጀታ በዳበሳ ይፈልጋሉ። ዋሻው ውስጥ ያሉት ወታደሮች ሁሉ ጸጥ ይላሉ። እሱ ግን ተመልሶ ይቀመጥና በቀስታ ይስቃል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። በኋላም ስንቅና ምርኩዝ ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። በሁለተኛው ፊልም ግን ይኸው ሰው ቀለበቱን ለአባቱ ሊልክ አስሯቸው እስከ ኦስጊሊያዝ ከተማ ይወስዳቸዋል።

ጸሐፊዎቹ ይህን ያደረጉት በሁለት ምክንያት ነው። ቀለበቱ ማንንም ያማልላል ብለው ለሰዓታት ካሳዩ በኋላ አንዱ ወታደር ምንም ሳይመስለው ቢያልፈው ፍርሃቱ ይረግፋል ብለው ሰጉ። በዚያ ላይ የሸረሪቷን የሺሎብን ክፍል ወደ ሦስተኛው ፊልም ስላዛወሩት ለሁለተኛው ፊልም መደምደሚያ የሚሆን ሌላ አደጋ አስፈለጋቸው። ስሌቱ ይገባኛል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። መጽሐፉ ቀለበቱን አውቆ እምቢ የሚል ተራ ሟች ሰው ሊኖር እንደሚችል ያሳየው በዚህ ሰው ነበርና። ስለዚህ ሁለተኛውን ፊልም የሚያይ አንባቢ የተራዘመውን ቅጂ ይምረጥ። ሲኒማ ቤት ከታየው የ179 ደቂቃ ቅጂ ከ40 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ከተጨመሩት ትዕይንቶች አንዱም ፋራሚርን ከወንድሙ ከቦሮሚርና ከአባቱ ጋር ያሳያል። አባቱ እንዴት እንደሚንቀው ካዩ በኋላ ሥራው ባይወደድም ምክንያቱ ይገባል።

ከሦስተኛው ፊልም በፊት ደግሞ መጽሐፉን መጨረስ ይሻላል። በሳውሮን ግዛት መግቢያ በጥቁሩ በር ፊት መልእክተኛው የፍሮዶን የብር ሸሚዝ አውጥቶ ሲያሳይ፣ አንባቢው የሚያውቀው ፍሮዶ መማረኩን ብቻ ነው፤ ሳም ያድነው አያድነው የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙ ሁለቱን ታሪኮች እያፈራረቀ ስለሚሄድ ተመልካቹ ፍሮዶ መትረፉን ቀድሞ ያውቃል። ትዕይንቱ በተራዘመው ቅጂ ቢገኝም ጭንቀቱ የለም።

«ሆቢት» ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ረጃጅም ፊልም ሆነ፤ ለመሙያም ታውሪየልን የመሰሉ መጽሐፉ የማያውቃቸው ሰዎች ገቡበት።

የተዋናዮቹ መልክ ከሐሳቡ አልወጣ ያለ አንባቢ መጽሐፉን እንደገና ከምዕራፍ አንድ አይጀምር፤ እዚያ ያሉት ፊቶች ሁሉ ተይዘዋል። የተዋናይ ፎቶ በሽፋኑ ላይ የሌለበት ቅጂ ይፈልግና ጃክሰን ከተዋቸው ምዕራፎች ይነሳ። የቶም ቦምባዲል ክፍል ጥሩ ነበር፤ ግን በ2024 በተከታታይ ድራማ ስለወጣ እሱንም ያየ ሰው ይዝለለው። የሚሻለው ሆቢቶቹ ወደ አገራቸው ወደ ሻየር ተመልሰው ተመዝብሮ የሚያገኙበት የመጨረሻው ክፍል ነው። ሳም የተቆረጡት ዛፎች በነበሩበት ሁሉ ችግኝ ይተክላል፤ እመቤት ጋላድሪየል በጉዞው ከሰጠችው ትንሽ ሣጥን አንዳንድ ቅንጣት አፈር በየሥሩ ያኖራል። የተረፈውን ከአገሩ መሀል ቆሞ ወደ ነፋስ ይበትነዋል፤ ከዚያም ጸደይን ይጠብቃል።