አንድ ታንክ፣ አንድ ፒኤልሲ እና ሐሰተኛ ንባብ፦ የሙከራ ጠረጴዛው የደረሰበት

በዚህ የሙከራ ጠረጴዛ ላይ፣ የውኃ ታንክ በሚቆጣጠር ፒኤልሲ (የኢንዱስትሪ መሣሪያዎችን የሚያዝዝ ኮምፒውተር) ላይ፣ እስካሁን አራት ጥቃቶች ተሞክረዋል። አንደኛው ራሱ ከሽፏል፣ አንደኛው በ11 ሰከንድ ውስጥ ተይዟል፣ ሁለቱን ግን የፊዚክስ ጠባቂው (ንባቡ ከውኃው ፍሰት ሒሳብ ጋር መስማማቱን የሚከታተለው ፕሮግራም) አላያቸውም። በኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያዎች ደኅንነት ላይ ለምትሠሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው ባልታዩት ላይ ስለሆነ፣ ማስታወሻው ብዙ ቦታ የሚሰጠው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። ታንኩ የውስጥ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ሲሊንደር ነው። ፓምፑ የ12 ቮልት ሆኖ በደቂቃ 3 ሊትር ይሞላል። ከታች 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለ፤ ውኃው በዚያ ሁልጊዜ ይፈሳል። ከፍታውን የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው የድምፅ ሞገድ ሴንሰር ነው። እሱን የሚያነበው ኢኤስፒ32 የተባለ ትንሽ ቦርድ ሲሆን፣ ንባቡን በኔትወርክ በሞድባስ (የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ያቀርባል። ኦፕንፒኤልሲ (ኮምፒውተርን ፒኤልሲ የሚያደርግ ሶፍትዌር) የተጫነበት ራስቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ንባቡን በየሰከንዱ ይወስድና ከፍታው 10 ሴንቲሜትር ሲደርስ ፓምፑን ያበራል፣ 20 ሲደርስ ያጠፋል። መሙላቱ ወደ 85 ሰከንድ፣ መጉደሉ ወደ 4 ደቂቃ ይፈጃል።

ሴንሰሩ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ የመልስ ፒኑም 5 ቮልት ያወጣል። ኢኤስፒ32 የሚችለው 3.3 ቮልት ስለሆነ በመካከል የ1 ኪሎ ኦም እና የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማካፈያ ይግባ። ሴንሰሩ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ያለውን ርቀት አያነብም፤ ስለዚህ ከታንኩ ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር። ውኃው ከላይ ሲወርድ ሞገድ ይፈጥርና ንባቡን ያንቀጠቅጣል፤ መሙያ ቱቦውን እስከ ታንኩ ወለል ማውረድ ይበቃል። አምስት ንባብ ወስዶ መካከለኛውን መያዝ፣ በየንባቡ መካከልም ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ካልተጠበቀ የቀድሞው የገደል ማሚቶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ሙቀቱም ይቆጠራል፦ አየሩ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ከ343 ወደ 349 ሜትር ይወጣል። በ25 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይህ ብቻውን የ4 ሚሊሜትር ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ኔትወርኩ። ስዊቹ ከኢንተርኔት የተለየ ይሁን፤ አንድ ወደቡ የሌሎቹን ትራፊክ እንዲቀዳ ካልተደረገ ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ትራፊክ መመልከቻ ፕሮግራም) የሚያሳየው የራሱን ኮምፒውተር ትራፊክ ብቻ ነው። ሞድባስ በ1979 ሞዲኮን ያወጣው ፕሮቶኮል ነው። በወደብ 502 ላይ ሲሠራ ማን እንደላከ አይጠይቅም፣ መልእክቱንም አይመሰጥርም። የፓምፑን ማጥፊያ ከፍታ ወደ 290 ሚሊሜትር ለመቀየር የሚበቃው ይህ ብቻ ነው፦

00 01 00 00 00 06 01 06 04 00 01 22

አሥራ ሁለት ባይት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የጥያቄው ተራ ቁጥር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ዜሮዎች የፕሮቶኮሉ መለያ፣ 00 06 ከዚያ በኋላ የቀሩት ባይቶች ብዛት፣ 01 የመሣሪያው ቁጥር ናቸው። 06 «አንድ ሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) ጻፍ» ማለት ነው። 04 00 በአሥር ቤት 1024 ሲሆን የኦፕንፒኤልሲ የሜሞሪ ወርዶች የሚጀምሩበት አድራሻ ነው፤ 01 22 ደግሞ 290 ነው። ፒኤልሲው ከተቀበለው ያንኑ 12 ባይት መልሶ ይልካል። የይለፍ ቃል የሚገባበት ባይት የለም። በ2018 የወጣው የሞድባስ ደኅንነት ስፔሲፊኬሽን በወደብ 802 ላይ ቲኤልኤስ (ምስጠራና የማንነት ማረጋገጫ) ይጨምራል፤ ሁለቱም ወገን ካልደገፉት ግን አይሠራም።

የመጀመሪያው ጥቃት በትእዛዝ 05 የፓምፑን ኮይል (በሞድባስ አነጋገር የማብሪያ ማጥፊያ ቢት) በቀጥታ «አብራ» ማለት ነው። አይሠራም። ፒኤልሲው በየ20 ሚሊሰከንዱ ፕሮግራሙን ሲያስኬድ ውጤቱን በኮይሉ ላይ ደግሞ ይጽፋል፤ የውጭው ትእዛዝ ቢበዛ አንድ ዑደት ቆይቶ ይሻራል። ጀማሪ እዚህ ላይ «ሥርዓቱ ጠንካራ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ማጥፊያ ከፍታውን መቀየር ግን ያለምንም ትግል ይሠራል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ያንን ሬጅስተር ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ጥቃቱ የፒኤልሲውን ሎጂክ አይጣላም፤ ሎጂኩን ያዝዘዋል።

የፊዚክስ ጠባቂው የሚሠራው እንዲህ ነው። የታንኩ ወለል 314 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ፓምፑ በሰከንድ 50 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያስገባል፤ ቀዳዳው ውኃው 20 ሴንቲሜትር ላይ ሲሆን ወደ 15 ያወጣል። መውጫው በከፍታው ካሬ ሥር ስለሚለካ፣ ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ ፍሰቱ የሚወርደው ወደ ግማሽ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከዕቃው ወረቀት አትውሰዱ፤ ፓምፑን ለ60 ሰከንድ ወደ መለኪያ ዕቃ አስገልብጣችሁ ለኩ። ፓይተን ላይ የተጻፈው ጠባቂ በየሰከንዱ የሚጠበቀውን ከፍታ ያሰላል፣ ከንባቡ ጋር ያነጻጽራል፣ ከልዩነቱ 0.05 ያህሉን ብቻ ወስዶ ግምቱን ያርማል።

ሁለት ተከታታይ ንባቦችን ቀንሶ ፍጥነት ማውጣት የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ ግን አይሆንም። ውኃው በሰከንድ የሚነሣው 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የሴንሰሩ መዋዠቅ ከዚያ ይበልጣል፤ የሚወጣው ቁጥር ጫጫታ ብቻ ይሆናል።

ማንቂያው ኩሰም ነው፦ በየሰከንዱ የልዩነቱ መጠን ይደመራል፣ 3 ሚሊሜትር ማካካሻ ይቀነሳል፣ ድምሩ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ከ30 ሲያልፍ ማንቂያ ይጮኻል። ማካካሻውን የምትወስኑት ጥቃት በሌለበት ቢያንስ የአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ንባብ ሰብስባችሁ ነው። የከሰዓት ሙቀት ያልገባበት መረጃ ዝቅተኛ ማካካሻ ያስመርጥና ሲሞቅ በሐሰት ያስጮኻል።

አጥቂው በኢኤስፒ32 እና በፒኤልሲው መካከል ገብቶ ንባቡን 150 ሚሊሜትር ላይ ሲያቆመው ፓምፑ እየሠራ ነው እንበል። ሞዴሉ በሰከንድ 1.2 ሚሊሜትር መነሣት ይጠብቃል፤ ንባቡ አይንቀሳቀስም። የኩሰም ድምር በ11ኛው ሰከንድ ላይ ጣሪያውን ያልፋል፤ እስከዚያ የተነሣው ውኃ 13 ሚሊሜትር ነው። ይህ ጥሩ ውጤት ነው።

የማጥፊያ ከፍታው ሲቀየር ግን ጠባቂው ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም ትክክል ነው። ፓምፑ በርቷል፣ ውኃው በሚጠበቀው ፍጥነት ይነሣል፣ ንባቡ እውነት ነው፤ ልዩነት የሚባል ነገር የለም። የፊዚክስ ሞዴል የሚይዘው ውሸትን እንጂ መጥፎ ትእዛዝን አይደለም። መድኃኒቱ ያለው ፒኤልሲው ውስጥ ነው፦ ከሬጅስተሩ የተነበበው ቁጥር በ50 እና በ220 መካከል ካልሆነ ፕሮግራሙ ወደ 200 እንዲመልሰው ማድረግ። ገደቦቹ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ቋሚ ቁጥር ይጻፉ፤ በሌላ ሬጅስተር ከተቀመጡ አጥቂው መጀመሪያ እነሱን ይቀይራል።

ሁለተኛው ያልታየ ጥቃት ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው። አጥቂው ንባቡን በሰከንድ 0.15 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ ቢያደርግ፣ ልዩነቱ 0.15 ለ0.05 ሲካፈል ማለትም 3 ሚሊሜትር ላይ ይረጋል፤ ያ በትክክል ማካካሻው ነው። በደቂቃ 9 ሚሊሜትር እየዋሸ በ8 ደቂቃ አካባቢ እውነተኛውን ማጥፊያ ከ20 ወደ 27 ሴንቲሜትር ይገፋዋል። የማረሚያውን 0.05 መቀነስ ጥቃቱን ያዘገየዋል፤ ያኔ ግን የራሳችሁ የመለኪያ ስሕተት ይጎላል። ፍሰቱን በሰከንድ 2 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብቻ ብትሳሳቱ በ0.05 ልዩነቱ 1.3 ሚሊሜትር ነው፤ በ0.02 ከ3 ይበልጥና ያለ ጥቃት ያስጮኻል። ይህን በሒሳብ ብቻ ማምለጥ አይቻልም።

እዚህ ላይ የሚያድነው ኔትወርክ የማያውቀው ፍሎት ስዊች (ተንሳፋፊው ከውኃው ጋር ሲነሣ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፤ 27 ሴንቲሜትር ላይ ተተክሏል። የፒኤልሲው ግብዓት ውስጥ አይግባ፤ የራሱን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ይንዳ፣ የዚያ ሪሌይ መገናኛም ከፒኤልሲው ሪሌይ ጋር በተከታታይ የፓምፑን 12 ቮልት ይቁረጥ። ውኃ ሲነሣ የሚከፈተው ዓይነት ይመረጥ፤ ሽቦው ቢበጠስ ፓምፑ ይቆማል። የሞተሩን ከረንት በቀጥታ በፍሎቱ ውስጥ ማሳለፍ አደገኛ ነው፦ በውስጡ ያለችው ትንሽ የሪድ መገናኛ በሞተሩ መነሻ ከረንት ልትበየድ ትችላለች፤ ከተበየደች ደግሞ የሚታይ ምልክት የለም። ስለዚህ በየሙከራው መጀመሪያ ፓምፑ እየሠራ ፍሎቱን በጣት ከፍ አድርጉና መቆሙን አረጋግጡ። በፓምፑና በሪሌዮቹ የሽቦ ጥቅሎች ላይ ዳዮድ ይታሰር፣ ነጭ መስመሩ ወደ አዎንታዊው።

ፍሎቱ ሲቆርጥ ፒኤልሲው አሁንም «በርቷል» ብሎ ያምናል፤ ውኃው ግን ይወርዳል። አጥቂው ንባቡን ማስመሰል ካልቀጠለ ኩሰሙ ያኔ ይጮኻል።

ፍሎቱን ከኔትወርኩ መለየት ቅንጦት አይደለም። በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ላይ የተገኘው ትራይቶን የተባለ ማልዌር ዒላማው የአደጋ መከላከያ መቆጣጠሪያዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ሊደርስባቸው የቻለው በኔትወርክ የሚደረስባቸው ስለነበሩ ነው።

አሁን እየተሞከረ ያለው ቀጣዩ ጥቃት የተቀዳ ንባብን መልሶ ማጫወት ነው። በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለ ማልዌር የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ሴንትሪፉጆች እያበላሸ ለተቆጣጣሪው ስርዓት ቀድሞ የቀዳውን ጤናማ ንባብ ያቀርብ ነበር። መከላከያው ፓምፑን በዘፈቀደ ሰዓት ለ3 ሰከንድ ማጥፋት ነው፦ 150 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይቀራል፣ ከፍታው ላይ ወደ 5 ሚሊሜትር ልዩነት ይፈጥራል፤ የተቀዳው ንባብ ይህን አያሳይም። የማጥፊያ ሰዓቱ ሊገመት ከቻለ ዋጋ የለውም። ሪሌይም በብዙ መክፈትና መዝጋት ስለሚያልቅ በአንድ ሙሌት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ቀጣዩ ጭማሪ በመሙያ ቱቦው ላይ የፍሰት መለኪያ ነው። ዋይኤፍ-ኤስ201 በሊትር 450 ምት ይሰጣል፤ በ3 ሊትር ፍሰት ይህ በሰከንድ 22.5 ምት ነው። በአንድ ሰከንድ ቆጠራ የአንድ ምት ስሕተት ከ4 በመቶ ይበልጣል፤ በ10 ሰከንድ ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። መውጫው ላይ አይሆንም፤ እዚያ ያለው ፍሰት መለኪያው ከሚጀምርበት 1 ሊትር በደቂቃ ያንሳል። ሽቦው ወደ ኢኤስፒ32 ሳይሆን በቀጥታ ወደ ራስቤሪ ፓይ ይሂድ፤ አለበለዚያ ከፍታውን የዋሸ አጥቂ ፍሰቱንም በዚያው መስመር ይዋሻል።