ኮስሞስ ተመልሶ ሲመጣ ሰው ያለው

ሰሞኑን ኮስሞስን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና እያየሁት ነው። አዲሱን ማለቴ ነው፣ አዲሱ ስል ደግሞ ያው እሱም አርጅቷል፣ በፈረንጆች ማርች 9 ቀን 2014 ነው የጀመረው። እና አሁን ሳየው ከፕሮግራሙ እኩል ትዝ የሚለኝ ያኔ ሰዉ ያለው ነገር ነው፤ ትዊተር ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ስራ ቦታ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ቤታችን ሶፋ ላይ። ስለ ጋላክሲና ስለ ዲኤንኤ የሚያወራ ዶክመንተሪ ሰውን እንደዛ ሲያጨቃጭቅ ከዛ በፊት አላየሁም። እኔ በበኩሌ የደረስኩበት ነገር ቢኖር አብዛኛው ጭቅጭቅ ስለ አዲሱ አልነበረም፣ ሰዉ የሚያወዳድረው ከድሮው ጋር ነው፣ ድሮውን ደግሞ አብዛኛው ሰው ልጅ ሆኖ ካየው በኋላ ተመልሶ አላየውም።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ የመጀመሪያው ኮስሞስ በ1980 ፒቢኤስ በሚባለው የአሜሪካ የሕዝብ ጣቢያ ላይ የወጣ 13 ክፍል ነው፣ አቅራቢው የህዋ ሳይንቲስቱ ካርል ሴጋን፣ አብረውት የጻፉት አን ድሩያንና ስቲቨን ሶተር። ሴጋን በ1996 አረፈ። ባለቤቱ ድሩያን ከብዙ ዓመት በኋላ ከሶተር ጋር ሆና እንደገና ይዛው መጣች፣ አቅራቢው ሌላው የህዋ ሳይንቲስት ኒል ደግራስ ታይሰን ሆነ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቦታ ያገኘላቸው ሰው ደግሞ ሴት ማክፋርሌን ነው፣ ያ በአዋቂዎች ካርቱን ኮሜዲ የሚታወቀው። ጣቢያው ደግሞ ፎክስ፣ ያ የንግድ ጣቢያ! ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ክፍል በ10 ቻናሎች ባንድ ጊዜ ተለቀቀ፣ ኦባማ ራሱ ብቅ ብሎ መክፈቻ ንግግር አደረገለት፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 8.5 ሚሊዮን ሰው አየው። ከዛ በኋላ ቁጥሩ ወረደ፣ እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰው ሌላም የሚያየው ነገር አለዋ።

መጀመሪያ የተነሱት የሴጋን ወዳጆች ናቸው። መስሪያ ቤታችን አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ አሜሪካዊ ነበር፣ የ1980ውን ከአባቱ ጋር ሆኖ ያየ፣ ሰኞ ጠዋት ገና ቡናውን ሳይቀዳ "አልወደድኩትም" አለኝ። ምኑን ስለው "ሴጋን እኮ ዝም ይል ነበር" አለ። እውነቱን ነው። ሴጋን ያንን ባለ አንገት ሹራቡን አድርጎ ባህር ዳር ላይ ቆሞ አንድ አረፍተ ነገር ይልና ዝም ይላል፣ ከጀርባው የቫንጌሊስ ሙዚቃ ቀስ እያለ ይመጣል፣ አንተም ታስባለህ። አዲሱ ላይ ዝምታ የለም፣ ታይሰን የሚጓዝባት የምናብ መንኮራኩር ትወነጨፋለች፣ የአለን ሲልቬስትሪ ኦርኬስትራ ይነሳል፣ ልክ ልብህ ሲሞላ ደግሞ የመኪና ማስታወቂያ። ፒቢኤስ ላይ አንዱ ክፍል 1 ሰዓት ሙሉ ነበር፣ ፎክስ ላይ ማስታወቂያው ሲወጣለት 43 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቀረው፣ እሱን በ13 አባዙትና ምን ያህል እንደጠፋ እዩት። እዚህ ላይ አድናቂዎቹ ልክ ነበሩ ብዬ ነው የማምነው።

ብሩኖ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ 10 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ካርቱን አለ፣ ስለ ጆርዳኖ ብሩኖ፣ በ1600 ሮም ላይ በእሳት የተቃጠለው መነኩሴ። ዩኒቨርስ ወሰን የለውም፣ ከዋክብት ሁሉ የየራሳቸው ፀሐይ ናቸው ያለ ሰው ነው። የሳይንስ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች በዚህ በጣም ተቆጡ፣ ሰውየው ሳይንቲስት አልነበረም፣ የተከሰሰውም በዋነኛነት ሥላሴንና የክርስቶስን አምላክነት ጠየቀ ተብሎ ነው፣ ከሱ በፊት በ1576 እንግሊዛዊው ቶማስ ዲገስ ስለማያልቅ ሰማይ ጽፎ የለም ወይ፣ ለምን እሱ አልተነሳም አሉ። ፕሮግራሙ ራሱ እኮ ክሶቹን ይዘረዝራል፣ ታይሰንም ብሩኖ ማስረጃ አልነበረውም፣ ግምቱ በዕድል ነው የገጠመለት ብሎ በግልጽ ይናገራል። ግን ካርቱን ካርቱን ነው፣ ጥቁር የለበሱ ክፉ ቄሶችና ዓይኑ የሚያበራ ምስኪን መነኩሴ ካየህ በኋላ የታይሰንን ማስተካከያ ማን ያስታውሳል? እኔ ሳየው ትዝ ያሉኝ ደቂቀ እስጢፋኖስ ናቸው፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ያን ሁሉ መከራ ያዩት መነኮሳት፤ እነሱን የሳይንስ ሰማዕታት ብሎ የሚጠራ የለም፣ ለእምነታቸው ነው የተሰቃዩት። ብሩኖም ወደዛ የሚቀርብ ይመስለኛል።

እና የሴጋን ሰዎች ምን አሉ፣ "ካርል ቢሆን እንዲህ አያደርግም ነበር"። እንዴ! የ1980ውን የመጨረሻ ክፍል እስኪ ክፈቱት። ሂፓቲያ አለች፣ እስክንድርያ ላይ በ415 በሰው መንጋ የተገደለችው የሂሳብና የፍልስፍና መምህር። ሴጋን ሞቷን ከታላቁ ቤተ መጻሕፍት መጥፋት ጋር አያይዞ ነው የሚተርከው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግን ከሷ በፊት ገና ድሮ ተዳክሞ ነበር፣ ግድያውም ውስጥ የከተማው ፖለቲካ አለበት። ታሪክ አዋቂዎች በሱም ያኔ አማረዋል። ማለትም ያው አንድ ዓይነት ጥፋት ነው፣ ልዩነቱ ሴጋን ሲናገረው ድምፁ ደስ ይላል።

ይሄን ክፍል እማዬ ባለችበት ከፍቼው የሆነውን ልንገራችሁ። ሴጋን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቄርሎስ ሂፓቲያን ይጠላት ነበር እያለ ነው፣ እኔም እየተረጎምኩላት ነው፣ ስሙ ላይ ስደርስ ቀና አለች።

"የቱ ቄርሎስ?"

"የእስክንድርያው።"

"የኛ ቄርሎስ? ቅዳሴ ያለው?"

"እሱው እማዬ።"

"ኧረ በስመ አብ በል! ይሄ ሰውዬ ማነው ደሞ? ዝጋልኝ።"

ዘጋሁት። ምን ላድርግ፣ በኛ ቤተ ክርስቲያን በስሙ ይቀደሳል፣ የሃይማኖት መጽሐፉ ቄርሎስ ተብሎ በግዕዝ ሲነበብ ስንት መቶ ዓመት ሆነው። ለአሜሪካዊው ተመልካች በታሪክ ውስጥ ያለፈ አንድ ጳጳስ ነው፣ ለእማዬ ግን ቤተ ዘመድ ነው። የሚገርመው ታይሰንን አትጠላውም፣ እሱን "ያ ጥቁሩ ዶክተር" ብላ ትወደዋለች፣ ሴጋንን ግን ከዛ ቀን ወዲህ ዓይኑን ማየት አትፈልግም።

የአዲሱ ሁለተኛ ክፍል፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያወራው፣ ሌላ እሳት ነው ያስነሳው። እንደውም ከዛ በፊት በመጀመሪያው ክፍል ኦክላሆማ ሲቲ ያለ የፎክስ ጣቢያ ልክ ሰው ከየት እንደመጣ የሚነገርባት 15 ሰከንድ ላይ የራሱን ዜና ማስታወቂያ አስገባባት፣ ጣቢያው የኦፕሬተር ስህተት ነው አለ፣ ኢንተርኔቱ ግን ለሳምንት ሳቀበት። ከዛ ዓለም በ6 ቀን ተፈጠረች ብለው በቃል በቃሉ የሚያስተምሩ ድርጅቶች እኛም የአየር ሰዓት ይሰጠን አሉ። እኛ ቤት ክርክሩ አጭር ነበር። ታይሰን ተኩላ እንዴት ቀስ በቀስ ውሻ እንደሆነ ሲያሳይ እማዬ ራሷን እየነቀነቀች አየችው፣ ወደ ሌላው ሲሻገር "ውሻው ይሁን እሺ፣ ሰውን ግን ይተወው" ብላ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ተነሳች። እውነቱን ለመናገር ያ ሁሉ የአሜሪካ ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሳይንስ የሚያውቁት ደግሞ የየራሳቸውን ነቀፋ ይዘው መጡ። ህዋ ውስጥ ድምፅ የለም፣ መንኮራኩሯ ለምን ታጓራለች? ትክክል። አስትሮይድ ቤልቱ ላይ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞሩት የህዋ ድንጋዮች ቀበቶ ላይ፣ ድንጋዩ እንደ መርካቶ ሰው ተጋፍቶ መንኮራኩሯ በመሃል እየተሽሎከለከች ታልፋለች፣ ይሄ ደግሞ ትልቁ ቁጣ ነበር፣ ምክንያቱም እውነተኛው ቤልት ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ባንዱና በሌላው መሃል በአማካይ መቶ ሺዎች ኪሎ ሜትሮች አሉ፣ የናሳ መንኮራኩር ፓዮኒር 10 በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይነካው ነው ያለፈው። እንደ ብሩኖው ዓይነት የታሪክ ክርክር እንኳን የለውም፣ ለፊልም ማሳመሪያ ተብሎ ተሳሳተ፣ በቃ። ሳይንስ አስተምራለሁ ብለህ ይሄን ማድረግ ምን ይሉታል?

ሁሉም የወደደው ነገር ቢኖር ካሌንደሩ ነው። የዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ በ1 ዓመት ውስጥ ሲታጨቅ (ሴጋን 15 ቢሊዮን ነበር ያለው፣ ያኔ የሚታወቀው እሱ ነበር)። እኔ ግን ዲሴምበር 31 ምንም ስለማይለኝ ቁጭ ብዬ በኛ ሰራሁት። እስኪ እዩት፣ መስከረም 1 ሲጀምር ዩኒቨርስ ተፈጠረ። ዳይኖሰሮች የሚመጡት ነሐሴ 29 ገደማ ነው። የሚጠፉት ጳጉሜ 4 ጎህ ሲቀድ። ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ይዛ፣ ሐዳር ላይ የምትራመደው ጳጉሜ 5 ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሲገነጥል ማለት ነው። 1 ሰከንድ 438 ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ የአክሱም ሐውልት 4 ሰከንድ ሲቀረው ይቆማል፣ ላሊበላ 2 ሰከንድ ሲቀረው ይፈለፈላል፣ አድዋ ሩብ ሰከንድ ብቻ። ለእማዬ ስነግራት ዳይኖሰሩንም ቢሊዮኑንም አለፈችና "ላሊበላ 2 ሰከንድ ብቻ?" ብላ ተቆጣች።

ከሰዉ አስተያየት ውስጥ እኔን በጣም የነካኝ ግን በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ የመጣው ነው። ታይሰን የሴጋንን የድሮ ማስታወሻ ደብተር ይገልጣል፣ በ1975 ዲሴምበር ላይ የራሱ ስም ተጽፎበታል። ያኔ የብሮንክስ ልጅ ነው፣ 17 ዓመቱ፣ ሴጋን ኮርኔል ድረስ ጋብዞት ላብራቶሪውን አስጎበኘው፣ መጽሐፍ ላይ ፈርሞ ሰጠው፣ ማታ በረዶ ሲጥል አውቶቡስ ጣቢያ አደረሰውና አውቶቡሱ ካልመጣ እኛ ቤት ታድራለህ ብሎ የቤቱን ስልክ ጻፈለት። ያን ማታ ትዊተር ላይ ስንቱ እንዳለቀሰ! ጥቁር ወላጆች ልጆቻቸው ቴሌቪዥኑ ፊት አፋቸውን ከፍተው የተቀመጡበትን ፎቶ ይለጥፉ ነበር። እሁድ ማታ፣ በትልቁ ሰዓት፣ በፎክስ፣ ስለ ከዋክብት የሚያስረዳው ሰው ጥቁር ነው። እዚህ አገር ልጅ ለምናሳድግ ሰዎች ይሄ ነገር ቀላል አይደለም። ያ የስራ ባልደረባዬም ይቺን ሲያይ "እሺ፣ ወራሹ እሱ ነው" ብሎ አመነልኝ፣ ማስታወቂያውን ግን አልማረም።

ይሄ ሁሉ ጩኸት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነው፣ ምርጦቹ ክፍሎች ግን የመጡት ሰው ከቀነሰ በኋላ ነው። 7ኛው ክፍል ስለ ክሌር ፓተርሰን ነው። ይሄ ሰው የምድርን ዕድሜ ሊለካ ተነሳ፣ ከአሪዞና የተገኘ የሜቲዮር ስባሪ ውስጥ ያለ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ሊቆጥር፣ ቁጥሩ ግን አልረጋ አለው፣ ምክንያቱም ሊድ ሁሉም ቦታ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አየሩ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ። ንጹህ ክፍል ሰርቶ ዓመታት ፈግቶ በ1956 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ አስቀመጠው። ከዛ ግን "ይሄ ሁሉ ሊድ ከየት መጣ?" ብሎ ጠየቀ፣ መልሱ ቤንዚን ሆነ። ኩባንያዎቹ ገንዘብ ነሱት፣ ሮበርት ኬሆ የሚባል የነሱው ሳይንቲስት ደግሞ ችግር የለውም እያለ ስንት ዘመን ተከራከረ። ፓተርሰን የሞተው በዲሴምበር 1995 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሊድ ያለበት የመኪና ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የተከለከለው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1996፣ ሳምንታት ነው የቀደማት። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የተገላገለው በ2005 መጨረሻ ነው፣ አስቡት እንግዲህ እኛ ታክሲ ኋላ ቆመን ስንት ስንምግ እንደኖርን። ሰዉ ይሄን አይቶ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እንዴት ይሄን ሰው ሳላውቀው ቀረሁ?"

8ኛውም እንደዛው ነው፣ የከዋክብት ተመራማሪዋ ሲሲሊያ ፔይን። በ1925 ፀሐይ በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናት ብላ ጻፈች፣ የሙያው ትልቁ ሰው ሄንሪ ኖሪስ ራስል አይሆንም አላት፣ እሷም የራሷን ውጤት እውነት ላይሆን ይችላል ብላ ጽሁፏ ላይ ጨመረች። ከ4 ዓመት በኋላ ራስል ራሱ ልክ ናት አለ። ብዙ ሴቶች ስለዚህ ክፍል ሲጽፉ ያየሁት በንዴት ነው፣ ደስ የሚል ንዴት። ሴጋን ያልነገረን ታሪክ ነው ይሄ፣ አዲሱ ድሮውን የሚበልጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ እና ስለዚህ የሚያወራ ሰው ስለ ብሩኖ ከሚያወራው ግማሹን ያህል እንኳን አልነበረም።

ሦስተኛው ዙር በ2020 ማርች ላይ ወጣ፣ ኮሮና ዓለምን በዘጋበት ሰሞን፣ ማን ልብ አለው።

ካላያችሁት ከ7 ጀምሩ፣ ከዛ 8፣ ከዛ ወደ 1 ተመለሱ። የሴጋንን በኋላ፣ ማታ፣ ስልክ ሳትነኩ፣ ቀርፋፋ ነው ግን ይለመዳል፣ እናታችሁ አጠገባችሁ ካለች የመጨረሻውን ክፍል ለብቻችሁ። ለልጆች 10ኛው ይሻላል፣ ማይክል ፋራዴይ፣ ትምህርት ቤት በቅጡ ያልገባው መጽሐፍ ጠራዥ ልጅ ሞተር የሚያሽከረክረውን ኃይል ሲያገኝ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፣ በኛ አገር ቀጥቃጭ ምን ሲባል እንደኖረ ታውቃላችሁ፣ እዛ ላይ ፖዝ አድርጋችሁ ከልጆቹ ጋር ብታወሩ ጥሩ ነው።