የድራፍት ክርክራችንን መስመር ያስያዝኩበት መንገድ

የካናዳው የበረዶ ሆኪ ክለብ የሞንትሪያል ካናዲየንስ ደጋፊ ነኝ። ሰኔ በቀረበ ቁጥር እኔና ጓደኞቼ የምንነታረክበት ጉዳይ አንድ ነው፦ ክለባችን ተራው ሲደርስ የትኛውን ታዳጊ ይውሰድ? ይህን ክርክር ከልቤ እወደዋለሁ። ግን ድምፃችን እስኪዘጋ ተከራክረን ማንም ከማንም አንዳች ሳይማር የምንለያይበት ጊዜ ይበዛ ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም፤ እንዴት እንደተለወጠ ልንገራችሁ።

እግር ኳስ ብቻ ለሚከታተል ሰው አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል ክለቦች ታዳጊዎችን በገንዘብ ተሻምተው አይወስዱም። በዓመት አንድ ጊዜ ድራፍት ይካሄድና 32ቱ ክለቦች ሰባት ዙር በየተራ ይመርጣሉ። ደካማ ውጤት ያመጣ ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል አለው፤ የፊተኞቹን ተራዎች ግን ዕጣ ሊያፋልሳቸው ይችላል። የሚመረጡት አብዛኞቹ የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። እናም የምንከራከረው ገና አጥንቱ ያልጠና ልጅ በ23 ዓመቱ ምን ዓይነት ተጫዋች ይወጣዋል በሚለው ላይ ነው። ማንም በእርግጠኝነት ሊመልሰው አይችልም፤ ሁላችንም ግን የምንለው አለን።

ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ድራፍቱ የተካሄደው በራሳችን ሜዳ በቤል ሴንተር ሲሆን የመጀመሪያው ተራም የእኛ ነበር። ለረጅም ጊዜ አንደኛ እንደሚሆን ሲነገርለት የቆየው የኪንግስተን ክለብ ሴንተር (የመሃል አጥቂ) ሼን ራይት ነው። በ15 ዓመቱ በልዩ ፈቃድ ወደ ታዳጊዎቹ የኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ የገባ፣ በ2021–22 የውድድር ዘመን በ63 ጨዋታ 94 ነጥብ ያስመዘገበ ልጅ። በሆኪ ነጥብ የሚባለው ጎልና አሲስት ተደምሮ ነው። በሌላ በኩል ግዙፉ ስሎቫኪያዊ ዩራይ ስላፍኮቭስኪ አለ። በፊንላንድ የአዋቂዎች ሊግ በ31 ጨዋታ ያገኘው 10 ነጥብ ብቻ ነው፤ በቤጂንግ ኦሊምፒክ ግን ሰባት ጎል አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፤ ስሎቫኪያም ነሐስ ወሰደች።

አንዱ ጓደኛዬ «ዘጠና አራት ነጥብ እያለ ስለ ዐሥር ነጥብ ታወራለህ?» ሲለው ሌላው ይነሳበታል፤ «አንተ ከእኩዮቹ ጋር የተጫወተውን ነው የምትቆጥርልኝ። ይሄኛው እኮ ከጎረምሳ ሳይሆን ከአባወራ ጋር ነው የተጋፋው!» ዝም ብዬ ሳዳምጣቸው አንድ ነገር ገባኝ። የመጀመሪያው የሚናገረው ዛሬ ማን እንደሚሻል ነው። የሁለተኛው ሐሳብ ያለው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ቢከራከሩ አይገናኙም።

ያኔ ለእያንዳንዱ ታዳጊ አንድ ገጽ ያዝኩ፤ በየገጹም ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ሁሉ ነገር ቢሳካለት የት ይደርሳል? ባይሳካለትስ ምን ሆኖ ይቀራል? መቼ ይመጣልናል? ከዚያ ወዲህ ሰው «እገሌ ይሻላል» ባለ ቁጥር «በየትኛው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ራይት በሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ነበር፤ ጎል ባይሆንለት እንኳ መከላከል የሚያውቅ ሴንተር ሥራ አያጣም። ስላፍኮቭስኪ ግን ያን ቁመናና ያን እጅ አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለማይገኝ በመጀመሪያው ጥያቄ በልጦ ታየኝ። ክለባችን እሱን መረጠ፤ ራይት እስከ አራተኛ ወርዶ ሲያትል ወሰደው። ስላፍኮቭስኪ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ39 ጨዋታ በኋላ ተጎድቶ ሲወጣ ስልኬ በወቀሳ ተጥለቀለቀ። ገጹ ላይ የጻፍኩት ግን የአምስት ዓመት ግምት ስለነበር አልነካሁትም። በ2023–24 ልጁ 20 ጎልና 50 ነጥብ ይዞ ጨረሰ።

ቀጥሎ የተማርኩት አንድን ተጫዋች እንዴት መመልከት እንዳለብኝ ነው። የታዳጊዎቹ ምርጥ ጎሎች ተቆራርጠው የሚቀርቡበት ቪዲዮ ሁሉንም ልጅ ኮከብ ያደርጋል። እኔ አሁን ሙሉ ጨዋታ ነው የማየው፤ ያውም ፓኩን (በሆኪ በኳስ ፋንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ትቼ ልጁን ብቻ። ተከላካይ ከሆነ የምጠብቃት አንዲት ቅጽበት አለች። ፓኩ ወደ ሜዳው ጥግ ይንሸራተታል፤ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሊያነሳው ይሄዳል፤ ከኋላው አንድ አጥቂ ሊያላትመው እየከነፈ ይመጣበታል። ፓኩ ጋ ሳይደርስ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትከሻው ዞር ብሎ ያያል ወይስ አያይም? ያየ ልጅ ፓኩን ሲነካ የት እንደሚያቀብል ቀድሞ ያውቃል፤ በአንድ ንክኪ ጓደኛው ጋ ያደርሰዋል፤ አጥቂውም የሚላተመው ከግድግዳው ጋር ብቻ ነው። ያላየው ልጅ ደንግጦ ፓኩን በግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ይገፋዋል፤ ተቃራኒው ቡድን ያነሳዋል፤ ሌላ ግማሽ ደቂቃ መከላከል ይመጣል። ይህ የትኛውም የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ግን ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ ሁለት ሦስት ጨዋታ ያየ ሰው ልጁን ያውቀዋል።

ቁጥርም አልጣልኩም፤ የት እንደተገኘ ሳልጠይቅ ግን አልቀበለውም። በአዋቂዎች ሊግ የተገኘ አንድ ነጥብ በታዳጊዎች ሊግ ከተገኘ አንድ ነጥብ ይከብዳል። ተቃራኒው ቡድን በቅጣት ሰው ጎድሎበት ሳለ የተገኘውን ነጥብ፣ ሁለቱ ቡድኖች በቁጥር እኩል ሆነው ሲጫወቱ ከተገኘው እለያለሁ። የሊግ ማነስ ብቻውንም ማስፈራት የለበትም፦ ኬል ማካር በ2017 ሲመረጥ ይጫወት የነበረው ከዋናዎቹ የካናዳ ታዳጊ ሊጎች በታች በሆነው በአልበርታ ሊግ ነበር። ያን ዓመት ኮሎራዶ በ48 ነጥብ የሊጉ ጭራ ሆኖ ጨርሶ፣ ዕጣው ከድቶት ወደ አራተኛ ተራ ወረደ፤ ደጋፊዎቹም አዘኑ። በአራተኛው ተራ የወሰዱት ማካር በ2022 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ፣ የስታንሊ ዋንጫ (የሊጉ ዋንጫ) ባለቤትና የፕሌይኦፉ፣ ማለትም የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ ኮከብ ሆነ።

ዕድሜም እንዲሁ። ለድራፍት የሚበቃው እስከ መስከረም 15 ድረስ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ነው፤ ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በአንድ ድራፍት ውስጥ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የዕድሜ ልዩነት ይኖራል፤ በ18 ዓመት ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ ነው። አሌክሳንደር ኦቬችኪን የተወለደው መስከረም 17 በመሆኑ በሁለት ቀን ምክንያት የ2003 ድራፍት አለፈው። ፍሎሪዳ ፓንተርስ ሰግር ዓመታት ያስገኟቸው ቀኖች ቢቆጠሩለት ዕድሜው ይሞላል ብለው በመጨረሻው ዙር ሊመርጡት ሞከሩ፤ ሊጉ ግን አልተቀበለም። በዓመቱ ዋሽንግተን አንደኛ አድርጎ ወሰደው። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው፤ አንድን ልጅ ለማግኘት የቀን መቁጠሪያ እስከ መፈተሽ መድረስ የድራፍት ፍቅር ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳያል።

ዘዴው በደንብ የተፈተነው በ2023 ነው። ኮነር ቤዳርድ አንደኛ እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም፤ የእኛ ተራ አምስተኛው ነበር። ክርክሩ ሁለት ስም ላይ ቆመ። አንዱ ሩሲያዊው ክንፍ አጥቂ ማትቬይ ሚችኮቭ ነው፤ በሩሲያው የአዋቂዎች ሊግ በኬኤችኤል ግርጌ ላይ ለነበረው ለሶቺ በ27 ጨዋታ 20 ነጥብ ያገኘ፤ በዚያ ዕድሜ በአዋቂዎች መሃል እንዲህ ያለ ቁጥር ብርቅ ነው። ሆኖም ከሴንት ፒተርስበርጉ ክለብ ከኤስኬኤ ጋር እስከ 2026 የሚዘልቅ ውል ነበረው። ሌላው ኦስትሪያዊው ቀኝ ተከላካይ ዴቪድ ራይንባከር ነው፤ በስዊዘርላንድ የአዋቂዎች ሊግ ለክሎተን በ46 ጨዋታ 22 ነጥብ ያለው፣ ቅድም ያልኩትን ትከሻን ዞሮ የማየት ልማድ ሜዳ በገባ ቁጥር የሚያሳይ፣ የተረጋጋ ልጅ።

በዚያ ምሽት ሁለት ደንብ አወጣሁ። አንደኛ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት የሚመርጠውን ስምና የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ ሌላውን ከመቃወምህ በፊት የእሱን ነጥብ፣ እሱ ራሱ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ አሳምረህ ትናገርለታለህ። መጀመሪያ አጉረመረሙ። ወረቀቶቹን ስንገልጥ ግን ራይንባከርን የመረጡት ጭምር በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሚችኮቭን ጽፈዋል፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ሚችኮቭን የምንፈልገው ሰዎች እንኳ ለራይንባከር አጋድለናል። ስለ ችሎታቸው ልዩነት አልነበረንም ማለት ነው! ያ ሁሉ ጩኸት ተጠቃሎ አንዲት ጥያቄ ላይ ወደቀ፦ ሦስት ዓመት መጠበቅ ምን ያህል ያስከፍለናል?

እዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነበር። ክለባችን ቡድኑን እንደ አዲስ እየገነባ ስለነበር ለሦስት ዓመት ለዋንጫ አይጫወትም፤ ለማያሸንፍበት ጊዜ መክፈል የለበትም፤ ስለዚህ ሚችኮቭን ይውሰድ አልኩ። አንድ ጓደኛዬ የመለሰልኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ «ውሉ ሲያልቅ ይመጣል ብለህ ነው የምትቆጥረው። ባይመጣስ? ያኔ ያባከንከው ተራውን ነው፤ ዓመቱን ብቻ አይደለም።» የሚከበር ክርክር ነበር፤ ወረቀቴ ጥግ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩት።

ክለባችን ራይንባከርን መረጠ። ሚችኮቭን በሰባተኛ ተራ ፊላደልፊያ ወሰደው። ከዓመት በኋላ ውሉ ፈረሰለትና በ2024 መጣ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 26 ጎልና 63 ነጥብ አስመዘገበ። ራይንባከር ደግሞ በዚያው መስከረም በዝግጅት ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አደረገ። እኔን ደግፎ የወጣ ውጤት ይመስላል፤ እኔ ግን እንደዚያ አልቆጥረውም። ውሉ ቀድሞ እንደሚፈርስ እኔም አልጻፍኩም፤ የጉልበት ጉዳት ደግሞ የመራጩ ጥፋት አይደለም። ምክንያትን ከውጤት መለየት ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ትምህርት ነው። የምገመግመው ያን ምሽት በእጃችን በነበረው መረጃ በደንብ አስበናል ወይ በሚለው ነው። የራይንባከር ገጽም አልተዘጋም፤ ተከላካይ ዘግይቶ ይበስላል።

በ2024 እንደገና አምስተኛ ስንሆን ክርክሩ አጭር ነበር። ኢቫን ዴሚዶቭ በሩሲያ ታዳጊዎች ሊግ በ30 ጨዋታ 60 ነጥብ ነበረው፤ አምስተኛ ድረስ ይቆያል ብሎ ያሰበ አልነበረንም፣ ቆየ። በሚያዝያ 2025 መጥቶ በመጀመሪያ ጨዋታው አንድ ጎልና አንድ አሲስት አገኘ።

ከሁላችንም ቀድመው ወደ ሞንትሪያል የመጡ አንድ ጋሼ አብረውን ይቀመጣሉ። እሳቸው ሁልጊዜ የሚያነሡት የ1980ን ድራፍት ነው፤ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ሲወራ ሰምተው የወረሱት ቁጭት። ያን ዓመት አንደኛው ተራ የሞንትሪያል ነበር፤ ዳግ ዊከንሃይዘር ተመረጠ፤ የኩቤክ ልጅ የሆነው ዴኒ ሳቫርድ በሦስተኛ ተራ ቺካጎ ሄዶ ታላቅ ሆነ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው» ስላቸው «እሱማ ነው፤ ግን ሰው ሲመርጥ ምን እንደታየው ነው የምጠይቀው» ይሉኛል። የእሳቸው ጥያቄ ወደ 2018 ወሰደኝ። ክለባችን ሴንተር ክፉኛ ይቸግረው ነበርና በሦስተኛው ተራ ፊንላንዳዊውን ሴንተር የስፐሪ ኮትካኒየሚን ወሰደ። ቀጥሎ ኦታዋ ክንፍ አጥቂውን ብሬዲ ካቸክን መርጦ በኋላ አምበሉ አደረገው፤ ኮትካኒየሚ ግን በ2021 ወደ ካሮላይና ሄደ። በፊተኞቹ ተራዎች የጎደለህን ቦታ ሳይሆን የሚበልጠውን ልጅ ውሰድ የምለው ለዚህ ነው። ልጁ እስኪደርስ የቡድኑ ክፍተት ሌላ ቦታ ይዛወራል።

የመጨረሻው ለውጥ ዝርዝሬን ማስረዘም ነው። በ2022 ሁላችንም ስለ አንደኛው ተራ ስናወራ ክለባችን በ62ኛ ተራ ሌን ሃትሰን የሚባል ቁመቱ ያጠረ ተከላካይ ወሰደ። በ2024–25 ሃትሰን 66 ነጥብ አግኝቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ታምፓ ቤይም ኒኪታ ኩቸሮቭን ያገኘው በ58ኛ፣ ብሬይደን ፖይንትን በ79ኛ ተራ ነው። ስለዚህ አሁን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዙር የተለየ ዝርዝር አለኝ፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ላሉት አራተኛ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ ይህን ልጅ ሌሎች የሚያልፉት ለምንድን ነው? መልሱ «አጭር ነው» ወይም «ሊጉ ትንሽ ነው» ከሆነ ገጹን አቆየዋለሁ፤ «ፓኩ ሲመጣ ዞሮ አያይም» ከሆነ እቀደዋለሁ።