ፈረሱ ጋር ጠብቀኝ

ፓሪስ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እዚያ የኖሩ አንድ ጋሼ ወረቀቶቼን ሊያዩልኝ ቀጠሩኝ። "ኖትርዳም ያለበት ደሴት ላይ፣ ፈረሱ ጋር ጠብቀኝ" አሉኝ። ፈረሱ ጋር! ለአዲስ አበባ ልጅ ከዚህ የቀለለ ቀጠሮ የት ይገኛል? አራዳ ጊዮርጊስ፣ ምኒልክ ጋር እንደማለት ነው።

ካቴድራሉ ፊት ስደርስ በስተቀኝ፣ ወንዙ ዳር፣ አረንጓዴ የሆነ ትልቅ የነሐስ ፈረስ አገኘሁ። ዘውድ የደፋ ጢማም ንጉሥ ተቀምጦበታል። ሁለት ጦረኞች ግራና ቀኝ ፈረሱን ይዘው በእግር ያጅቡታል። አጃቢ የሌለው ንጉሥ እኛም አገር የለም፤ ቶሎ ተላመድን።

ጋሼ ግን የሉም። ሰዓቱ አለፈ። ስልኬ ዋይፋይ ካላገኘ ድንጋይ ነው። ብርዱ ደግሞ አጥንት ይገባል። ሙቀት ፍለጋ ቱሪስቶቹ መሃል ተሸጎጥኩና አስጎብኚያቸው በእንግሊዝኛ የሚያወራውን ጆሮ ጠቢ ሆኜ ሰማሁ። ንጉሡ ሻርለማኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ800 በገና ዕለት ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫነ። ፈረሱን የያዙት ሮላንድና ኦሊቪዬ ናቸው። ሐውልቱን የሠሩት ሮሼ የሚባሉ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ እዚህ የቆመው በ1882 ነው። የሚገርመው፣ የካቴድራሉ ግንባታ የተጀመረው በ1163 ነው። ሰውየው ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ! ጎረቤቱን በዓይኑ አላየውም።

አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ጋሼ እያለከለኩ መጡ። "የት ነው ያለኸው አንተ? ፈረሱ ጋር ቆሜ ደርቄ ቀረሁ እኮ!"

ለካ ደሴቷ ሁለት ፈረስ አላት። እሳቸው ጫፍ ላይ፣ ፖን ኔፍ ድልድይ ጋር፣ ሄንሪ አራተኛ ሥር ነበሩ። እሱ ብቻውን ነው፤ አጃቢ የለውም።

ቁጣቸው ሲበርድ ቀና ብለው ሻርለማኝን አዩትና፣ "የፈረስ ስሙ ማነው?" አሉኝ።

ምን ልበል? ምኒልክ ቢሆን አባ ዳኘው ብዬ እገላገል ነበር። ማታ ዋይፋይ ሳገኝ ፈለግሁ። በድሮው የፈረንሳዮች የጀግንነት ግጥም ውስጥ ፈረሱ ታንሳንዱር ይባላል። ደውዬ ነገርኳቸው።

"አባ ታንሳንዱር!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ የምንቀጣጠረው አባ ታንሳንዱር ጋር ነው። ሄንሪን "ብቸኛው" እንለዋለን።